መቀመጥ የናፈቀው ሾፌር

በደርግ ዘመን ናዝሬት አስተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ጠዋት አቦምሳ ልሄድ አውቶቡስ ተራ ብደርስ፣ የሰፈሬን ሰው ጋሽ ነጋሳን አገኘኋቸው። ጋሽ ነጋሳ ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ላይ የጨረሱ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ቲኬታቸውን ይዘው ከአውቶቡሱ በር ፊት ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

«ጋሼ፣ አይገቡም?» አልኳቸው።

«ገብቼ ወጣሁ፣ ልጄ። ስቀመጥ እግሬ ውስጥ ጉንዳን ይርመሰመሳል፤ ተነስቼ ካልተራመድኩ አይተወኝም። ጉዲቱ ናፈቀችኝ። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እህቴ ናት። ዛሬ ዓይኗ ጠፍቶ ‹ነጋሳ የታለ?› እያለች መንገደኛውን ሁሉ ትጠይቃለች አሉኝ። የአሰብን በረሃ ያቋረጥኩ ሰው አቦምሳ ራቀኝ!»

አጠገባችን ተሳፋሪ የምትሸኝ ቶይባ የምትባል ወጣት ነርስ ነበረች። ሰምታ ጠጋ አለች።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መድኃኒት ጀምረው ነበር?»

«ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ እንቅልፍ ጠገብኩ። ኋላ ግን ማታ ማታ የሚመጣው ሕመም በቀን ይመጣ ጀመር። ኪኒኑን ጨመርኩ፤ ጨምሬ ባሰብኝ። ቀበሌ ስብሰባ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ብነሳ ‹ጓድ ነጋሳ ስብሰባ ረግጠው ወጡ› ተባልኩ። ከዛሬ ጀምሮ ያንን ኪኒን እጥለዋለሁ። ጎረቤቴ ሰንበታ ለራሱ ከታዘዘለት ሰጥቶኛል፤ በሱ እቀይራለሁ።»

«እባክዎ አይጣሉት! የሰው መድኃኒትም አይዋጡ።»

«አንቺ ልጅ፣ የከዳኝን ነገር ምን ላድርገው? ልሳመው?»

«አንዳንድ መድኃኒት ሲቆይና ሲበዛ ራሱ ሕመሙን ከሰዓቱ አስቀድሞ ያመጣዋል። መቀየሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ አቀያየሩ ነው የሚያስፈራኝ። ለመሆኑ ፍሪሲዮን ሳይረግጡ ማርሽ ይቀይራሉ?»

ጋሽ ነጋሳ መራመዳቸውን አቆሙ። «ካምቢዮው ይፈጫል እንጂ!»

«ሰውነትም እንዲሁ ነው። አሮጌውን በአንድ ጊዜ ቢያቆሙት ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ይነሳል። ሐኪሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰ፣ አዲሱን በትንሹ ያስጀምርዎታል። ደምዎንም ይመረምራል፤ የብረት ማነስ እግርን እንዲህ ያደርጋል።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል? ጉዲቱ እኮ አርጅታለች!»

«ሳምንታት ይፈጅ ይሆናል፤ መሐሉም ቀላል አይደለም። ግን እንዲህ ሆነው ዛሬ ቢሳፈሩ መንገድ ላይ ይወርዳሉ።»

አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። ሽማግሌው መስኮቱን አዩ፣ መንገዱን አዩ፤ ከዚያ ቲኬታቸውን ለሌላ ሰው ሰጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ጉዲቱን እመጣለሁ ብሎሻል በላት» አሉኝ።

አቦምሳ ደርሼ መልእክቱን አደረስኩ። አሮጊቷ እጄን ይዘው «የቀረው እግሩ ነው ወይስ ልቡ?» አሉኝ። እግራቸው ብቻ እንደሆነ ማልኩላቸው።

ጋሽ ነጋሳ ቶይባ ካለችበት ክሊኒክ ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። እውነትም ደማቸው ብረት አንሶት ተገኘና ለእሱም ታዘዘላቸው። የመጀመሪያው ኪኒን በተቀነሰ ቁጥር ሕመሙ እየተነሳ አስቸገራቸው፤ ግቢያቸውን ሲዞሩ እያየሁ «ተዉት ይሆን?» ብዬ ሰግቼ ነበር። አልተዉትም። አዲሱ መድኃኒት ሲይዝላቸው ፊታቸው ተመለሰ። ሰንበታንም በር ላይ አስቁመው «መድኃኒት እንደ ጨው አይዋዋሱትም፤ የሚቀይረው ሐኪም፣ የሚታገሠው ሕመምተኛ ነው» ብለው መከሩት።

ክረምቱ ሲወጣ አብረን ተሳፈርን። አውቶቡሱ ለቁርስ ሲቆም ወርደው እግራቸውን አፍታቱ እንጂ እስከ አቦምሳ ከወንበራቸው አልተነሱም።

ጉዲቱ ድምፃቸውን ሲሰሙ የወንድማቸውን ፊት በእጃቸው ዳበሱና «አረጀህ እንዴ?» አሉ። ከዚያ የሞቱትንና የተወለዱትን ሁሉ ሲነግሯቸው ዋሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ያ ክፉ ሰዓት ሲቃረብ፣ ጋሽ ነጋሳ ጉልበታቸውን ያዝ ሲያደርጉ አየኋቸው። ጉዲቱ ግን ትከሻቸው ላይ ጋደም ብለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። «ጋሼ፣ ይነሱ ይሆን?» ብዬ በዓይኔ ጠየቅኳቸው። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉና፣ እህታቸው እንዳይነቁባቸው ሳይነቃነቁ ተቀመጡ።