ከሴራሚኩ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ፎርማኑ ከማሠልጠኛው በር ሦስት ጊዜ ደርሰው ሦስት ጊዜ ተመልሰዋል። በኪሳቸው ያለው ደብዳቤ፣ የፕሮጀክት አመራር ሥልጠና ካልወሰዱ የሚያሠሩትን የማዋለጃ ክፍል ሌላ ሰው እንደሚረከባቸው ይናገራል። ሠላሳ ዓመት ሕንጻ ያቆመ ሰው እንደ ጀማሪ ደብተር ይዞ ሊቀመጥ ነው። ይህ እያንገበገባቸው ሲንቆራጠጡ የእህታቸው ልጅ ከበሩ ብቅ አለች። እሷም የሕንጻ ሥራ ትመራለች፤ ሥልጠናውን የጨረሰችው ካቻምና ነው።

«አጎቴ፣ ሊመዘገቡ መጥተው ነው?»

«በዚህ ሳልፍ ነው» አሉ፤ ውሸታቸውን ነው። «ለመሆኑ እዚህ ምን ያስተምራሉ? ሲሚንቶ ማቡካት?»

«መጠየቅና ማዳመጥ። ማን ከማን በፊት እንደሚሠራ አስቀድሞ መጻፍ።»

«ሁሉም እዚህ አለ» ብለው ግንባራቸውን መታ መታ አደረጉ። «በየጠዋቱ ‹አለቀ ወይ?› እላለሁ፤ ‹እያለቀ ነው› ይሉኛል።»

«ታዲያ አለቀ?»

የመክፈቻው ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። እንቅልፍ የነሳቸውም ይኸው ነበር። «ነይና በዓይንሽ እዪው» ብለው እየተጣደፉ ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ግንባታ ወሰዷት።

ሴራሚክ አንጣፊው ባለፈው ሳምንት የጠረገውን ጥግ እንደገና ይጠርጋል። ፎርማኑ «አለቀ ወይ?» ከማለታቸው «እያለቀ ነው ጋሼ» አለ።

ልጅቷ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «ወንድሜ፣ ማንን እየጠበቅህ ነው?»

ሰውየው ፎርማኑን ሰረቅ አድርጎ አየ። «ቧንቧው አልተሞከረም። ካነጠፍኩበት በኋላ ቢያፈስ ሴራሚኩ ተመልሶ መሰበሩ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አሉ ፎርማኑ።

«አናጢው በሩ አልገጥም እንዳለ ቢነግርዎት በሰው ፊት አዋረዱት። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ሆድ ይፍጀው ብለናል።»

ፎርማኑ አፈሩ። የቁጡ ሰው ጆሮ ደግ ወሬ ብቻ ይሰማል፤ ክፉው ዞሮ በሥራው ላይ ይወጣል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፣ አጎቴ» አለች ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እርስዎ የግንባታ ሙያ አልጎደለዎትም። ሠራተኛው ክፉ ወሬ ሳይፈራ የሚያመጣለት ኃላፊ መሆን ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ይማሩታል።»

ፎርማኑ የቧንቧ ሠራተኛውን አስጠሩ። ውሃው ሲለቀቅ ቧንቧው ሁለት ቦታ አፈሰሰ። ፎርማኑ በዚያው ከሰዓት ሄደው ተመዘገቡ።

ከሥልጠናው ወዲህ የሥራው ቅደም ተከተል ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የተለሰነ ግድግዳ ለመብራት ገመድ ተብሎ እንደገና መቦርቦሩ ቀረ፤ የመክፈቻው ቀንም ለሦስተኛ ጊዜ አልተራዘመም። እሳቸው ግን አብልጠው የሚያስታውሱት አንድ ጠዋት ነው። ሴራሚክ አንጣፊው ማንም ሳይጠይቀው መጥቶ፣ «ጋሼ፣ አንድ የተበላሸ ነገር አለ» አላቸው።

ፎርማኑ ወንበር ሳቡለት።