በጋቢ ጫፍ የተቋጠረ እምነት

እምነት አለህ? አንተን ነው፣ አንባቢ! ካለህስ የት ነው ያኖርከው? አቶ አሳምነው ይህን ቢጠየቁ ለአፍታም አያመነቱም፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ፈትተው ከደብሩ የተቀበሉትን አመድ የመሰለ የተቀደሰ አፈር ያሳዩሃል። በአገራችን እሱም «እምነት» ይባላልና። አንድ ቃል ለሁለት ነገር ሲያገለግል ሰው ሁለቱን ያምታታል፤ መምታታቱ ደግሞ አንዳንዴ ነፍስ ያስከፍላል።

መምህር ብዙአየሁ ለእኅቱ ዕቃ ሊልክ በማለዳ መካነ ሰላም መናኸሪያ ሲደርስ፣ የሟች አባቱን ወዳጅ አቶ አሳምነውን ሚኒባስ ሊሳፈሩ ሲሉ አገኛቸው። ከሳውዲ ከተመለሰች ዓመት ያልሞላት ልጃቸው አልታዬ አፏን በነጠላ ሸፍና ከጎናቸው ቆማለች።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ጠበል ነው። አርባ ቀን ትጠመቃለች።»

«ደግ አደረጉ። ጤና ጣቢያው የሰጣትን የሳንባ ነቀርሳ ኪኒን ይዛለች አይደል?»

አቶ አሳምነው ፊታቸውን አዞሩ። «እሱን ከተወች ሦስት ሳምንቷ። ስድስት ወር ዋጡ ይላሉ፤ የጠበሉ አጥማቂ ግን ቁርጡን ነገረን። ‹ኪኒን የያዘ እጅ እምነት አይዝም፤ ጥላችሁ ኑ› አለን። አሁን በኪኒኑ ሰዓት እምነቱን በጠበል በጥብጠን እናጠጣታለን።»

የብዙአየሁ ደም ፈላ። «ደንቆሮ» የሚል ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ በመከራ ዋጠው። ለአባት ወዳጅ እንዲህ አይባልም፤ ደግሞም ደንቆሮው ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ ይህ ሰው ዋሽቷችኋል!»

«አንተ ዲያቆን አልነበርክም? ዲግሪው ነው ያስካደህ?»

«ዲያቆን ስለነበርኩ እኮ ነው የሚያንገበግበኝ!»

«እንግዲያው ስማኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችውን ሴት ባለመድኃኒቶች አዳኗት? ገንዘቧን ጨረሱባት እንጂ! የዳነችው የጌታን ልብስ ጫፍ ነክታ ነው። የልብሱን ጫፍ!» አሉና የራሳቸውን ጋቢ ጫፍ ከነቋጠሮው ነቀነቁለት።

«ጌታ ግን ‹ልብሴ አዳነሽ› አላላትም፤ ‹እምነትሽ› ነው ያላት። በልብሱ ጫፍ የተቋጠረ ነገር አልነበረም፣ ጋሼ። እምነቱ ሴትዮዋ ውስጥ ነበር።»

ሾፌሩ ታደለ ጥሩምባውን ነፋ። «ጋሼ፣ ሁለት ሰው ነው የቀረኝ! ትወጣላችሁ ወይስ ትሰብካላችሁ?»

ብዙአየሁ ወደ በሩ ተጠግቶ መንገዱን ዘጋ። «ባለፈው ዓመት አባ ሰንጋ ሲገባ በሬዎችዎን ማን አስከተበ?»

«እኔ ነኛ! ማን ሊያስከትብልኝ ኖሯል?»

«ያን ጊዜ እግዚአብሔርን ካዱ?»

«ኤዲያ! በሬ እኮ አያምንም!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ብዙአየሁ አልሳቀም። «እንግዲያው ለማያምነው በሬ መድኃኒት ተፈቅዶ፣ ለምታምነው ልጅ ይከልከል? ጎረቤትዎ ኸዲጃ በዚሁ በሽታ ታማ አልነበር? ስድስት ወሯን ጨርሳ ይኸው እህል ትሸከማለች። ዱአዋንም አልተወች።»

«እሷ ምን ታድርግ፣ ጠበል የላት!»

«ዘምዘም አላታ! ኪኒኗን በዘምዘም ነበር የምትውጠው።»

ሽማግሌው ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ከንፈራቸውን ነከሱ። ወዲያው ግን ድምፃቸው ወረደ። «እሺ፣ ኪኒኑን ውጣ ብትሞትብኝስ? እናቷ ወርቂቱ ሐኪም ቤት ተኝታ አይደል የሞተችው? ያን ጊዜም ትድናለች ብለውኝ ነበር።»

የብዙአየሁ ቁጣ ከዳው።

«እኔ ትድናለች ብዬ አልምልልዎትም፣ ጋሼ። እምነትም የመዳን ዋስትና አይመስለኝም። ሰይጣን ጌታን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ አውጥቶ ‹ዝለል፣ መላእክት ይይዙሃል› ቢለው አልዘለለም። እምነት አንሶት ነው? አባቱን አልፈታተንም ብሎ ነው እንጂ። ‹ኪኒኑን ጥዬልሃለሁና አድናት› ማለት ውል ነው፤ መፈታተን ነው። የሚያምን ሰው በእጁ ያለውን ያደርጋል፤ ቀሪውን ለእርሱ ይተዋል፤ ቢከፋም ቢለማም ከእርሱ አይርቅም። እርስዎ ወርቂቱን ቀብረው በሳምንቱ ቅዳሴ የቆሙት ሰው ነዎት። እምነት ያ ነበር፣ ጋሼ!»

ይህን ጊዜ አልታዬ ከነጠላዋ ሥር የታጠፈ መሐረብ አወጣች። ስትዘረጋው መሃሉ ቀይ ነበር።

«ከሰኞ ጀምሮ ነው፣ አባዬ። አጥማቂው ‹ደም የሚተፋ እምነት የጎደለው ነው› ስላለ ደበቅኋችሁ። አፈር ስሆን አይቆጡኝ። አምናለሁ። ግን ፈራሁ።»

አቶ አሳምነው መሐረቡን ደጋግመው አዩት። «እኔን ዋሸሽኝ? ለአምላክ ብለሽ... ዋሸሽኝ?» አሉ። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞሩ። «ታደለ፣ ጓዛችንን አውርደው።»

ልጅን አባቷን እንድትዋሽ፣ ደሟን እንድትደብቅ የሚያስገድድ ትምህርት ከማን ዘንድ ይመጣል? የእውነት አባት ዘንድ ፍርሃትና ውሸት ምን ይሠራሉ?

ጤና ጣቢያው የአልታዬን አክታ እንደገና መረመረ፤ በኪኒኑ መቋረጥ ተቆጥቶም ተጨንቆም መድኃኒቱን ዳግም አስጀመራት። ቤተሰቡ ሁሉ ሲመረመር የወንድሟ የአስናቀው ሳል ያው በሽታ ሆኖ ተገኘ፤ እሱም ሳይብስበት ጀመረ። ዛሬ መስኮታቸው ተከፍቶ ይውላል። አልታዬ እንጀራ መብላት ጀምራለች፤ ገና ብዙ ወር ይቀራታል። የነፍስ አባታቸውም «ጠበሉን የባረከ ለሐኪሙም ጥበብ የሰጠ አንድ ነው» ብለው ኪኒኗን ስትውጥ ጠበሉን እንድታስከትል ፈቅደዋል። አቶ አሳምነው ቋጠሯቸውን አልጣሉትም። በየጠዋቱ ኪኒኑን መዋጧን በዓይናቸው አይተው፣ ከእምነቱ ግንባሯን ይቀቧታል።

ባለፈው እሁድ ቅዳሴ እንዳበቃ ያ አጥማቂ ተጓዥ ሊሰበስብ በደብሩ በር ቆሞ አገኙት። ሕዝቡን ሰንጥቀው ፊቱ ቆሙና መሐረቡን ዘረጉ።

«ኪኒን ጣሉ ያልከኝ አንተ ነህ። ልጄ እያመነች ለምን ዋሸች? ገለል እንበል አትበለኝ! እዚሁ፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት መልስልኝ!»