በእህቴ በረዶ ቀናሁ

ስለ ቅናት ስንት መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ በሰው በረዶ የቀና ግን አልገጠመኝም። እኔ ቀናሁ። ዕድሜዬን በሰው አገር ጨርሼ፣ ከነቀምቴ ወጣ ብላ በምታርሰው በታናሽ እህቴ በጫልቱ ቤት ባደርኩ ማግስት፣ ወገብ የደረሰ በቆሎዋን በረዶ ደብድቦ ጭቃ ላይ አስተኛው። የዓመት ቀለቧ ነበር። በነጋታው ጠዋት መንደሩ ወደ ግቢው ሲጎርፍ እኔን ሊጠይቅ የመጣ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ ደጃፍ ተቀመጥኩ። «አካም ቡልተን፣ አዴ?»፣ እንደምን አደሩ፣ እሜቴ፣ እያሉ አልፈውኝ ወደ ማሳው ወረዱ። ገሚሱ የተሰባበረውን አገዳ ለከብቶቿ ያጭዳል፤ ገሚሱ በሬ ጠምዶ ማሳውን ለጤፍ ይገለብጣል።

«ማን ጠራቸው?» አልኳት።

«በረዶው ነዋ፣ እታለም!» ብላ ሳቀች። ቀለቧን ያጣች ሴት ሳቀች! እኔ መምጣቴን ቀድሜ በስልክ አስነግሬ ነበር፤ አንድ ሰው ብቅ አላለም። ተነስቼ አንድ ሸክም አገዳ ታቀፍኩ። ጎረቤቷ ሽማግሌ ሮጠው መጥተው ከእጄ ወሰዱት።

«ኧረ ይተዉ፣ አዴ! እንግዳ አይሠራም።»

የተወለድኩት እኮ እዚያው ማሳ ዳር ነው።