ከእድር የተዋስነው ድንኳን

(የወረዳው ጽሕፈት ቤት ከተቃጠለ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ከፍርስራሹ ጎን፣ ለጊዜው ቢሮ በሆነው የእድር ድንኳን ውስጥ፣ ወጣቷ ዐቃቤ ሕግ ውብዓለምና የእድሩ ዳኛ ጋሽ ይግዛው።)

ይግዛው፦ አልኩሽ እኮ። በሪሁንን ክሰሽ ሌላውን ሕዝብ ማሪ። የቀረውን እኛ ሽማግሌዎቹ በዕርቅ እንጨርሰዋለን።

ውብዓለም፦ መጀመሪያ ይቀመጡ፣ ጋሼ። ያኛው ላይ አይደለም፤ እሱ የተጠርጣሪ ነው። ይሄኛው ላይ።

ይግዛው፦ ሁሉም የእድር ወንበር ነው፣ ምን ለየው?

ውብዓለም፦ የሚቀመጥበት ሰው። በሪሁን ደግሞ የእናንተ ጥሩምባ ነፊ ነው እንጂ ቤንዚን ነጋዴ አይደለም።

ይግዛው፦ ሰዉን የሰበሰበው እሱ ነው። ያ ጥሩምባ ባይነፋ ሁሉም ማሳው ላይ አጎንብሶ ይውል ነበር።

ውብዓለም፦ ከዚያ ጥሩምባው ራሱ ክብሪት ጫረ?

ይግዛው፦ ሕዝብ ነዋ የተቆጣው! ወረዳነታችንን ነጥቀው ለጎረቤት ከተማ ሲሰጡ ምን ይበል?

ውብዓለም፦ ራበኝ ብሎ መሶቡን ያቃጠለ ሰው አይቼ አላውቅም። እናንተ ወረዳ ይገባናል ብላችሁ ያለውን ወረዳ አነደዳችሁት።

ይግዛው፦ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ ምላስ ብቻ ነው እንዴ? ስሚኝ፤ ያልነበረ ሰው የለም። ማንን ከማን ትለያለሽ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

ውብዓለም፦ ዘበኛው አያ ደባሽ ሁለት እጁ ተቃጥሎ ሆስፒታል ተኝቷል። ውኃ እንኳ የሚያጠጣው ሌላ ሰው ነው። የእሱን ሎሚ ለስንት እናካፍለው?

ይግዛው፦ ለእሱማ አዝነናል። እድሩ ሄዶ ጠይቆታል።

ውብዓለም፦ በሕይወት እያለ? ደንባችሁን አፍርሳችሁ ነዋ።

ይግዛው፦ ቀልጂ። ከራስሽ በላይ ያለው ሸራ የማን እንደሆነ ግን አትርሺ። ነገ አንድ ሰው ቢሞት ነቅለን ነው የምንሄደው።

ውብዓለም፦ ማንም እንዳይሞት እየጸለይኩ ነው። ደግሞ ይሄን ድንኳን ለማግኘት ያየሁትን አበሳ አይጠይቁኝ። ጸሐፊያችሁ «ጋሽ ይግዛው ካልፈቀዱ» ብሎ ፀሐይ ላይ አቆመኝ።

ይግዛው፦ ደግ አደረገ። በእኔ እድር ያለ እኔ ቃል ማንኪያ አይወጣም።

ውብዓለም፦ እንዲህማ ሁሉም የእድር ዳኛ ይላል።

ይግዛው፦ ሌላውን ተይው። ሳታስፈቅድ የእድሩን ድስት ለሠርግ ያዋሰችውን የገዛ ሚስቴን ቀጥቻለሁ። ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ውብዓለም፦ ድስቱስ ይሁን። ጥሩምባውን ግን በሪሁን ቤቱ ሰቅሎ፣ ሞቅ ሲለው እያወረደ...

ይግዛው፦ በሪሁን ቤት? ማነው ይሄን ያለሽ? ጥሩምባው የሚያድረው እኔ አልጋ ሥር፣ የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነው። ሰው ሲሞት ቤቴ ይመጣል፤ የሟቹን ስም ከአፌ ሰምቶ፣ ጥሩምባውን ከእጄ ተቀብሎ ነው የሚነፋው። ከነፋም በኋላ መልሶ ያስረክበኛል። አንድም ቀን ተዛንፎ አያውቅም።

ውብዓለም፦ ሥርዓት ማለት ይሄ ነው።

ይግዛው፦ መንግሥት ከእኛ ቢማር የት በደረሰ።

ውብዓለም፦ እየተማረ ነው። ጽሕፈት ቤቱ የተቃጠለ ዕለት ማን ሞቶ ነበር?

ይግዛው፦ እ?

ውብዓለም፦ ጥሩምባው ተነፍቷል። የሟቹን ስም ይንገሩኝ፤ ለቅሶ ሳልደርስ ቀርቼ እንዳልታማ።

ይግዛው፦ አንቺ ልጅ... ሳሩን አሳይተሽ ገደል ከተትሽኝ።

ውብዓለም፦ ሳሩን እንኳ ያበቀሉት እርስዎ ነዎት። በሪሁን ከታሰረበት ዕለት ጀምሮ ስለ ጥሩምባው የጠየቅኩትን ሁሉ «ጋሼን ጠይቂ» ነው የሚለኝ። አሽሟጠጠኝ ብዬ ተቀይሜው ነበር።

ይግዛው፦ ጥሩምባውን ሰጠሁት፣ አልክድም። ሰው ይውጣ፣ ድምፁን ያሰማ ብዬ ነው። ማንንም አቃጥል አላልኩም።

ውብዓለም፦ በሪሁንም ነፋሁ እንጂ አቃጥሉ አላልኩም ነው የሚለው። ለእሱ ግን ይቺ ቃል አልበቃችውም፤ ክሰሽው ብለው መጡ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ አህያው ራሱ ዳውላውን ደብድቡልኝ ብሎ ሲመጣ ግን ዛሬ ገና አየሁ።

ይግዛው፦ ድንኳኑን አስነቅላለሁ። አሁኑኑ።

ውብዓለም፦ ያስነቅሉ፤ ፀሐይ ላይም ይጻፋል። እስከዚያው ግን፣ ሁሉም የእድር ወንበር ነው ብለው የለ? ያኛው ላይ ይዛወሩልኝ።