በአንድ ፎቶ ሦስት ጊዜ

«እንዴት ያለ ነፋሻ ሳሎን ነው እማማ! መስኮቶቹ ፊት ለፊት ስለሆኑ ነው አይደል? እኛ ቤትማ በዚህ ሰዓት ዳቦ መጋገር ይቻላል… ኧረ አይነሱ፣ ሻዩ ይበቃኛል። መጋረጃውን ራስዎ ነዎት የሰፉት? ስፌቱ ሲያምር! ሰው በገዛ እጁ የሠራው ነገር ከሩቅ ያስታውቃል… አይደል?»

እንግዳዋ ይህችን ሁለተኛዋን «አይደል» ስትል ልጁ የነከሰውን ብስኩት ሳህኑ ላይ መለሰው።

እናቱ «ኢንጂነሬ» እያለች ነው የምትጠራው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። እንግዳዋ ደግሞ ኮምፒውተር ፎቶ አይቶ እንዲረዳ በሚያስተምረው ኮርስ፣ በኮምፒውተር ቪዥን፣ አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ የላብ ጓደኛው ነበረች። ችግሩ፣ እናቱ የላብ ጓደኛ እንዳለው አታውቅም። ሁሉንም ብቻዬን ሠራሁት ብሏታል። ልጅቷ ታማ በቀረችበት ቀንም ፕሮጀክቱን የራሱ ብቻ አስመስሎ ለመምህሩ አቀረበ። መምህሩ ተደንቀው ለሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት የላብ ረዳት እንዲሆን ስሙን ጻፉ። እናቱም ወሬውን ከምድር ቤት እስከ አምስተኛ ፎቅ ላሉ ጎረቤቶች አዳረሰች። ልጅቷ ዛሬ የመጣችው፣ እሷ እንደምትለው፣ በስድስተኛው ሳምንት ላብ ውስጥ ረስቶት የሄደውን ቻርጀር ልትመልስ ነው።

«ልጅዎ የላብ ረዳት ሊሆን ነው አሉ፤ እንኳን ደስ ያለዎት! ዝርዝሩ ዛሬ ቢሮው ሳይዘጋ ለክፍል ኃላፊው ይገባል ሲሉ ሰማሁ። እስከዚያ ድረስ ስም ማስቀየርም ይቻላል መሰለኝ… እኔ ምን አውቄ? ግን ይህ ላብ የሚሉት ቃል አይገርምዎትም? እኛ ላብ የምንለው ኮምፒውተር የሞላበትን ክፍል ነው። ሌላው ሰው ላብ የሚለው ከግንባር የሚወርደውን። ሁለቱንም የሚያገኝ አለ፣ አንዱን ብቻ የሚያገኝም አለ። እኛ ክፍል አንድ ልጅ አለልዎት… ስሙ ምን ያደርግልዎታል? እንደሱ የታደለ ሰው አይቼ አላውቅም። ላብ ሳይወጣው ላብ የጨረሰ!»

እናቱ ሳቀች፤ ጉንጯንም በእጇ ደግፋ ለወሬው ተመቻቸች። ልጁም አብሮ ሊስቅ ሞከረ። የወጣው ግን ሳል ነው።

«ፈጣን ነው ደግሞ! የመጀመሪያው ሥራችን ፎቶ ላይ ያሉ ዕቃዎችን ጠርዝ መፈለግ ነበር። ኩባያው የት ጋ አልቆ ጠረጴዛው የት ጋ እንደሚጀምር ኮምፒውተሩ እንዲለይ። እኛ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። እሱ በአምስት ደቂቃ አገኘው… የበሩን። በዚያው ወጣ።

«ሲያግዝም ከልቡ ነው። ካሜራ የሚስተካከልበት ወረቀት አለ፤ እንደ ዳማ መጫወቻ ጥቁርና ነጭ ሳጥን የሞላበት። አንዱ ካርቶን ላይ ለጥፎ ይይዛል፣ ሌላው ፎቶ ያነሳል። የላብ ጓደኛው ያዝልኝ አለችው። ያዘ! መቼም ከያዘ ይይዛል። ሃያ ፎቶ ተነሳ፤ በሃያውም አውራ ጣቱ የጥጓን ሳጥን ሸፍኗታል። ፕሮግራሙ ጥግ አጣ። ልጅቷ ካርቶኑን ወንበር ላይ አስደግፋ ሃያውንም እንደ አዲስ አነሳች። ወንበሩ አልተነቃነቀም፣ ስልክም አልነካም። ሪፖርቱ ላይ ስሙ የተጻፈው ግን የወንበሩ አይደለም… ዓለም እንዲህ ናት።»

እናቱ ከንፈሯን መጠጠችና ለእንግዳዋ ሻይ ጨመረችላት። ልጁ አውራ ጣቱን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ።

«መታየት ሲያስፈልግ ግን ይታያል! በዘጠነኛው ሳምንት ግቢ ወጥተን ከግራ ወደ ቀኝ ፎቶ እያነሳን፣ ፎቶዎቹን ገጣጥሞ አንድ ረጅም ፎቶ የሚያደርግ ፕሮግራም መሥራት ነበረብን። ልጅቷ ካሜራውን ይዛ ስትዞር ያ ልጅ ስልክ እያወራ በዚያው አቅጣጫ ይሄዳል። ግራውን አነሳች፣ አለ። መሀሉን አነሳች፣ አለ። ቀኙን አነሳች… እሱ ሆዬ ቀድሟት ደርሷል። ፎቶው ሲገጣጠም አንድ ሰው ሦስት ጊዜ! ላብ ውስጥ ስንፈልገው የከረምነው ልጅ በአንድ ፎቶ ሦስት ጊዜ ሲገኝ፣ በረከት አይደለም ይህ?»

እናቱ ጭኗን እየመታች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ልጁ የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ቀጥሎ እናቱን። የፈራው ሹመቱ መቅረቱን አልነበረም። የፈራው ይህ ሳቅ ድንገት ቀጥ የሚልባትን ደቂቃ ነው።

«የመጨረሻው ቀን ልጅቷን ትኩሳት ጣላትና እሱ ብቻውን አቀረበ። አንደበቱ ሲጣፍጥ! የተሳሳተው አንዲት ፊደል ብቻ ነው፤ ‹ሠራን› ሊል ‹ሠራሁ› አለ። በአንዲት ፊደል ሰው ይቀየማል እማማ? ኮርሱ ስለ ማየት ነው፤ እሱም ለዚያ ቀን ዓይኑን ታጥቦ መጣ… በጨው። ምነው፣ መስኮቱን ልክፈተው? ልጅዎን የሞቀው መሰለኝ፣ ግንባሩ ረጥቧል። ለካ ክፍት ነው! ተዉት እንግዲህ። ላብ ዘግይቶም ቢመጣ ጤና ነው።»

ይኼኔ ልጁ ተነሳ። ላፕቶፑን አምጥቶ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፈተና ለመምህሩ ኢሜይል መጻፍ ጀመረ። ልጅቷ ከጀርባው ሆና እያንዳንዱን ቃል ታያለች። እናቱ ያለ መነጽሯ ከዚያ ርቀት ከስክሪኑ ብርሃን በቀር የሚታያት የለም። «ፕሮጀክቱን ስሠራ የላብ ጓደኛዬ አግዛኛለች» ብሎ ጻፈ።

«ያቺ ልጅ እኮ ለመምህሩ መንገር አቅቷት አይደለም። ኮዱን ማን መቼ እንደጻፈው ተመዝግቦ ተቀምጧል። ግን እሱ ራሱ ይናገረው ብላ ጠበቀችው። ‹አግዛኛለች› ቢልላት እንኳ አትጠላም… አዋላጇ ሕፃኑን ታቅፋ ‹እናትየዋም አግዛኛለች› ብትል ማን ይከፋዋል?»

ልጁ ሰረዘ። «አብረን ነው የሠራነው» ብሎ ጻፈ።

«አብሮ መሥራት ደግሞ እንዴት ደስ ይላል! ይኸው ይህን ሻይ እንኳ አብረን አፈላነው… እርስዎ ማድ ቤት፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ።»

ያንንም ሰርዞ እንዲህ ጻፈ፦ «ሥራው በሙሉ የእሷ ነው። የኔ ነው ያልኩት ዋሽቼ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስሜን ሰርዘው የእሷን ያስገቡልኝ።» ቢሮው ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ላከው።

ልጅቷ ወደ ቦታዋ ተመልሳ ሻይዋን አነሳች። መልሱ ለመድረስ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ «ተስተካክሏል። አንተን ሰኞ ቢሮዬ እፈልግሃለሁ» ይላል። ልጁ ደረቱ ላይ ተጭኖት የከረመ ነገር ሲነሳለት ተሰማው። በቦታው ሌላ የሚከብድ ነገር ተተካ፦ የእናቱ ጉዳይ። እንግዳዋ እንደወጣች ሁሉንም ሊነግራት ቆረጠ።

እናቱ ግን ሳቋ አልቆ አሁን በልጅቷ ቦታ ሆና ተናዳ ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ ምን ዓይነት እናት አሳደገችው የሚል ነገር ፊቷ ላይ ተጽፏል። ልጅቷ ይህን አየች፤ ቦርሳዋን አንስታ ቆመች፤ የእናትየዋንም እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«አይ እማማ፣ እናቱን እንኳ አይታዘቡብኝ። ደግ ሴት ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ። ቤታቸው የገባ ሰው አፉን ሳያሟሽ አይወጣም…»

ልጁ ላፕቶፑን ከደነ።

«እንዲያውም እሳቸውን መርቄ ልውጣ፤ እርስዎ አሜን ይበሉልኝ። ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው።»

እናቱ እጇን አስለቅቃ ሁለቱንም ዘረጋችና ከልቧ አሜን አለች።

«ጎረቤታቸው ፊት ቀና እንዳሉ ያኑራቸው።»

አሁንም አሜን አለች፤ ልጇንም አንተስ በሚል ዓይን ገረፍ አደረገችው። እሱም ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ አሜን አለ።

«በልጃቸው የኮሩትን ያህል… የሚያኮራ ልጅ ይስጣቸው።»