ካርድ የያዘች ምራት

አንድ ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ኣብርሄት ዓኽርያ ሰፈር ወደሚገኘው ልብስ ሰፊያቸው ለመሄድ አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ ዓይናቸው ማየት ከማይፈልገው ነገር ላይ አረፈ። ከፌርማታው ማዶ ያለው የአንድ ኮሌጅ የጎን በር ተከፈተና አንዲት ልጅ ወጣች። ከበሩ በላይ «ክሊኒክ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ልጅቷም የሩቅ ሰው አልነበረችም፤ በመጪው እሑድ ሽማግሌ ተልኮ ለበኩር ልጃቸው ለኣስመላሽ ልትታጭ ቀን የተቆረጠላት ኣስካሉ ነበረች። በእጇ የታጠፈ ካርድ ይዛለች።

ወይዘሮ ኣብርሄት ክው ብለው ቀሩ። ለምን ቢሉ፣ በጣሊያን ዘመን፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ የመጠጥ ቤት ሴቶች በየሳምንቱ በፖሊስ እየተነዱ ለምርመራ ሲወሰዱ በዓይናቸው አይተዋል። ለእያንዳንዷ ካርድ ይሰጣት ነበር፤ የከተማው ሰው «ታሴራ» ይለዋል። ከዚያ ወዲህ በእሳቸውና በእኩዮቻቸው ዘንድ አንዲትን ሴት «ባለ ታሴራ» ማለት ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነው። ጣሊያን ከሄደ ስንት ዓመቱ፤ ስድቡ ግን አብሮት አልሄደም።

ደግሞም ኩሩ ሴት ናቸው። ባላቸው አቶ ዓንደማርያም የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበሩ ቤተሰቡ ደሴ ላይ አሥር ዓመት ኖሯል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ወደ ቀድሞ ሰፈራቸው ወደ ማይ ጭሆት ተመልሰው ሦስት ልጆች ለብቻቸው አሳድገዋል፤ ሰው በክፉ አንሥቷቸው አያውቅም። እንግዲህ እንዲህ ተጠብቆ የኖረ ስም በአንዲት ካርድ ምክንያት ሊሄድ ነው፣ ለእሑድ የቀረው ስድስት ቀን ነው።

ኣስካሉ አየቻቸውና ሳትደነግጥ ተሻግራ መጥታ ጉልበት ሳመች።

«ደሓን ዶ ሓዲርክን ኣደይ ኣብርሄት?» አለች በትግርኛ፤ ደኅና አደሩ እናቴ ማለቷ ነው።

«ደኅና ነኝ» አሉ ወይዘሮዋ በአማርኛ። ፌርማታው ላይ ሁለት የሰፈራቸው ሴቶች ቆመው ነበር፤ አማርኛ እንደማይሰሙ ወይዘሮዋ ያውቃሉ። «ያ በእጅሽ ያለው ምንድን ነው?»

ልጅቷ ነገሩ ስለገባት እሷም በአማርኛ መለሰች። «የክሊኒኩ ካርዴ ነው።»

«ካርዴ ትለኛለች! በይ ነይ፤ መንገድ ላይ የሚወራ አይደለም።»

አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ይዘዋት ገቡ። ባለቤቱ ሑሴን የሚባል ነጭ ቆብ ያደረገ ሰው ነው፤ በትግርኛ ተቀብሎ ሁለት ሻሂ አቀረበላቸውና ብርጭቆዎቹን ወደሚያጥብበት ዞረ። ወይዘሮ ኣብርሄት ልባቸው አረፈ። እንደ ልባቸው አማርኛ ሊናገሩ ነው።

«አሁን እውነቱን ንገሪኝ፤ ምን ሆነሽ ነው? ልጄ የሚያጫት በካርድ የምትታይ ሴት ከሆነች ከእሑድ በፊት ማወቅ አለብኝ። ከእሑድ በኋላ ግን የኔም፣ የአባትሽም፣ የሞተው የዓንደማርያምም ስም አብሮ ነው የሚወድቀው።»

ኣስካሉ በዚያው ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነች፤ ዝም ማለትንም መናገርንም ታውቃለች። ብርጭቆዋን አስቀምጣ ቀና አለች።

«ኣደይ፣ ምንም አልሆንኩም። የሰጠሁት ከክንዴ ትንሽ ደም ነው። ቂጥኝ እንዳለና እንደሌለ ይታይበታል። እኔ የለብኝም፤ ዛሬ ወረቀቱን ሰጡኝ።»

«ወይ ጉድ! ይህን ቃል ከሴት ልጅ አፍ ስሰማ! ደግሞስ የለብኝም ካልሽ ምን ፍለጋ ሄድሽ?»

«የለብኝም ለማለት ነው የሄድኩት። በሽታው ሳያሳምም ሰውነት ውስጥ ዓመታት ይደበቃል። ከእናት ማሕፀን ይዞት የተወለደ ሰው አለ፣ ከመጀመሪያ ባሏ የወሰደች አለች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በሽታው አይጠይቅም። ከጋብቻ በፊት ከታወቀ በመርፌ ይድናል። ካልታወቀ ግን ፅንስ ያስወርዳል፤ ልጁም ቢወለድ ታሞ ነው የሚወለደው። እርስዎስ በሰፈርዎ ልጅ አልበረክት ያላት ሴት አያውቁም?»

ወይዘሮ ኣብርሄት ያውቃሉ። ሦስት ጊዜ አስወርዷት ባሏ የፈታትን አንዲት ጎረቤታቸውን ያውቃሉ። «ገፊ ናት» ሲባል እሳቸውም አብረው ብለዋል። ይህን ግን ለልጅቷ አልነገሯትም።

«ልጄስ?» አሉ ይልቁንም። «ኣስመላሽ ይህን ያውቃል?»

«እወ፣ ያውቃል። ከእኔ በፊት የተመረመረው እሱ ነው።»

«ልጄን? ልጄን አስመረመርሽው?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ጠረጠርሽው ማለት ነዋ!»

«ኣይፋል ኣደይ፣ አልጠረጠርኩትም፤ ሁለታችን እኩል እንመርመር አልኩት። ካልሆነ እኔም አልሄድም አልኩ። ሳቀና በማግሥቱ ሄደ።» ልጅቷ ይህን ስትናገር ፊቷ በኩራት በራ። «እርስዎ ስለ ጣሊያን ጊዜ የሚያስቡትን አውቃለሁ፤ እናቴም ብላኛለች። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ጊዜ ሴቶቹ በፖሊስ ሲነዱ ወደ እነሱ የሚመላለሰውን ወታደርስ ማን መረመረው?»

ወይዘሮዋ አሰቡ። በልጅነታቸው ካዩት ሁሉ አንድም ወታደር በዚያ ሰልፍ ውስጥ አልነበረም።

«ማንም» አሉ በመጨረሻ።

«እኛን ማንም አልነዳንም። በእግራችን፣ በቀን ሄድን። ወንዱም ሄደ። ስማችንንም ከሐኪምና ከእኛ በስተቀር የሚያውቀው የለም። ታዲያ ያንን ካርድና ይህን ካርድ አንድ ያደረገው ምንድን ነው? ወረቀት መሆናቸው?»

ወይዘሮ ኣብርሄት ሻሂያቸውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። በዚህ መሐል ባለ ሻይ ቤቱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ እናቴ» አለ በጠራ የወሎ አማርኛ፤ «ወላሂ ልሰማ ብዬ አይደለም። ግን ቤቱ ጠባብ ነው።»

ወይዘሮዋ ከኀፍረት መሬት ውስጥ ሊሰምጡ ደረሱ። «አንተ አማርኛ ትሰማለህ?»

«ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው እናቴ።»

ደሴ አሥር ዓመት የኖሩት ሴት የደሴን ሰው ሳያውቁት ገመናቸውን ዘርግፈውለት ኖሯል! ኣስካሉ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ሑሴን ግን አልሳቀም። «እኔ ከዚህ ደጅ የሚወጣ ወሬ የለኝም» አለ፤ «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ እኅቴ። ባለቤቴ ዓሊማ እስላም ናት። ይቀበሏታል?»

«የማንንም ሃይማኖት አይጠይቁም። ሐሙስ ቀን ለሰፈሩ እናቶች ሁሉ ክፍት ነው።»

«አላህ ይስጥልኝ» ብሎ ወደ ብርጭቆዎቹ ተመለሰ። አንድ የማያውቁት ሰው ያለ ብዙ ክርክር መቀበሉ ወይዘሮ ኣብርሄትን ትንሽ አናደዳቸው።

«ለእናቶች ደግሞ ምን አላቸው?» ሲሉ ጠየቁ።

«የማሕፀን በር ምርመራ ነው። እሱ ለእኔ አይደለም ኣደይ፤ ላገቡና ለወለዱ ነው። የእርስዎ ነው።»

«የእኔ?» ጠረጴዛውን መቱት። «ስምንት ዓመት ሙሉ መበለት ሆኜ የኖርኩ ሴት! ያየኝ ወንድ የለም፣ ምን ልመረመር?»

«እግዚአብሔር ያውቃል፣ ክብርዎን ነክቼ አይደለም። የማሕፀን በር ካንሰር የሚባል በሽታ አለ። ያገቡና የወለዱ ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል እንጂ ምግባር አይመርጥም። ሲጀምር አያምም፤ ዓመታት ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሐኪሞች በትንሽ እንጨት ከማሕፀኑ በር ላይ ጠረግ አድርገው ይወስዱና መስታወት ላይ ቀብተው በማጉያ ያዩታል። ገና ሳይባባስ ከተገኘ ይቆረጣል፣ ሴትዮዋም ትድናለች። ደም መፍሰስ ከጀመረና ሽታ ካመጣ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ረፍዷል።»

ኣስካሉ ቀና ብላ ወይዘሮዋን አየቻቸው፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«እኅት ነበረችኝ» አሉ። «ትበርህ ትባላለች። የወር አበባዋ ከቆመ ስንት ዓመቱ ነው፣ ደም ጀመራት። ለማንም አትንገሪ አለችኝ። ጨርቋን በድብቅ አጥብላት ነበር። ሽታው ቤቱን ሲሞላ ሰው ልክፍት ነው አለ፣ ጠበል ወሰድናት። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ‹ገላዬን ለሐኪም ከማሳይ ሞቴን እመርጣለሁ› አለች። እኔም ጎበዝ፣ ክብሯን የጠበቀች ብዬ አደነቅኋት።» አንገታቸውን ደፉ። «አደነቅኋት፣ ጓለይ፣ ልጄ። ያ ነበር?»

«ሳላያት ነበር ማለት አልችልም ኣደይ። ግን ይመስላል።»

እዚህ ላይ አንባቢ ይፍረድ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም፤ እኅታቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይወዱ ነበር። ክብርን ግን ከመሸፋፈን ጋር አንድ አድርገው ተምረውታል። ያስተማሯቸውም ሰዎች ክፉ አልነበሩም። እንዲህ ያለ ትምህርት ስንት እናት እንደቀበረ ቆጥሮ የነገረን የለም።

«ሐኪሙ ወንድ ነው?» አሉ እንባቸውን ጠርገው።

«ሴት ናቸው። በአንሶላ ይሸፍኑዎታል፤ ሻሂዎን ጠጥተው ከሚጨርሱበት ጊዜ አይበልጥም።»

«ቢገኝብኝስ?»

«ቢገኝብዎት ጊዜ ሳያልፍ እናውቃለን። እኔም አብሬዎት እሆናለሁ።»

ይህን ያለችው ገና ምራት ያልሆነች ልጅ ነች። እሑድ ጠዋት አንድ ቃል ከአፋቸው ቢወጣ ከቤታቸው የምትቀር ልጅ፣ ለራሷ መከራከሯን ትታ ስለ እሳቸው ጤንነት ስትጨነቅ አዩና ሆድ ባሳቸው። የዚያን ዕለት ዓኽርያ ሳይሄዱ ቀሩ።

ሐሙስ ወይዘሮ ኣብርሄት በኮሌጁ የጎን በር ገቡ። ፊታቸውን በነጠላ ሊሸፍኑ አስበው ነበር፤ በሩ ዘንድ ሲደርሱ ግን ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱት። ዓሊማን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኟት፤ ሁለቱም አፍረው ተሳሳቁ። ምርመራው ኣስካሉ እንዳለችው አጭር ነበር። ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደሚታወቅ ተነግሯቸው፣ ስማቸው የተጻፈበት ካርድ ተሰጣቸው።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ወደ ልጅቷ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ማይ ጭሆት ወይዘሮ ኣብርሄት ቤት ተሰበሰቡ። የሟቹ የአቶ ዓንደማርያም ታላቅ ወንድም አቶ ደበሳይ ተነሥተው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር አለ» አሉ። «ልጅቱ ክሊኒክ ስትወጣ የታየች ናት አሉ። ታሴራ ይዛለች አሉ። የወንድሜን ስም ይዤ የባለ ታሴራ አባት ፊት አልቀመጥም። ነገሩ ይቅር።»

ኣስመላሽ ሊነሣ ሲል እናቱ በእጃቸው መለሱት፤ ሴት በሽማግሌ መሐል አትናገርም የሚለውን ልማድ ረግጠው ቆሙ።

«ኣያ ደበሳይ፣ እውነት ነው። ይዛለች። ኣስመላሽም ይዟል። እኔም ይዣለሁ።»

«እንታይ? ምን አልሽ?»

«ሐሙስ ተመርምሬያለሁ። ውጤቱን ገና አላውቅም። ቢሆንም አልፈራም፤ ክፉም ቢሆን ሐኪም የሚደርስበት ጊዜ ላይ ነው። ትበርህን የቀበርን ሁላችን እዚህ አለን። ክብሯን ጠብቃ ሞተች ብለን አለቀስን። እኔ እንግዲህ ክብሬን ጠብቄ መኖር ነው የምፈልገው። ይህች ልጅ ባሏ ያልታወቀ በሽታ እንዳያመጣ፣ እሷም እንዳታመጣበት፣ የሚወለደውም የልጅ ልጄ ጤነኛ እንዲሆን ከወዲሁ አስባለች። ይህን ያህል አስቦ ወደ ቤቴ የገባ ሰው የለም፤ እኔም ስገባ አላሰብኩም። በእንዲህ ያለች ምራት የሚያፍር ካለ ይቅር፤ እኔ ብቻዬን ሄጄ እጠይቃታለሁ። ደግሞ የሰፈሬን ሴቶች አንድ በአንድ ይዤ በዚያ በር አስገባለሁ። አንዷ ብትተርፍ ልጆቿ እናት አላቸው። ‹ሰው ያየናል› ካሉ፣ ሰው ይይ።»

ኣስመላሽ እናቱን አሁን ያወቃቸው ይመስል አፍጥጦ ቀረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሚስቱ በቅርቡ የሞተችበት፣ ዓይኑን አበሰ። አቶ ደበሳይ ይህን አዩ፤ ከዚያ «ሰዓቱ ሄደ፣ የልጅቱን ቤተሰብ እያስጠበቅን ነው» ብለው ከዘራቸውን ነቀሉ። ሁሉም ተነሣ።

በሩ ላይ ሲደርሱ ግን አቶ ደበሳይ ሌሎቹን አሳልፈው ወደ ኋላ ቀሩ። ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንትን… የወንዶቹ ቀን መቼ ነው?»

ወይዘሮ ኣብርሄት አልሳቁም። የአንድ ታላቅ ሰው ጥያቄ እንደሚመለስ አድርገው፣ ጮክ ብለው፣ ሰው እንዲሰማ መለሱ።

«ማክሰኞ ነው ኣያ። በቀን።»