አምስት ኪሎ ድንች

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ድንች የሞላ ፌስታል ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ አዛውንትና አንዲት ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እኔ በሩ ጋ ነኝ።

«አባባ፣ ከበደዎት መሰለኝ፤ ልያዝልዎ?»

«ተይው ልጄ፣ መድኃኒቴ ነው።»

«ድንቹ?»

«መሸከሙ። ሐኪም ቤት ‹ጉበትዎ ላይ ስብ አለ› ተባልኩ።»

«እርስዎ? እሱማ የወፍራም ሰው በሽታ አይደል?»

«እኔም ሐኪሟን እንደዚያው አልኳት። ‹ሆድዎን ይዩት፣ ከዚያ ክንድዎን ይዩት› አለችኝ። ሆድ ሲገፋና ጡንቻ ሲያልቅ ለጉበት አደጋ ነው፤ ጡንቻዎን ያሠሩት አለች።»

«ድሮ ሥራዎ ምን ነበር?»

«ኮልፌ ገበያ ተሸካሚ ነበርኩ። ኩንታል ጤፍ ይዤ ዳገቱን እወጣ ነበር። ልጆቼ ሥራ ሲይዙ አስተዉኝ።»

«አሳረፉዎት እንጂ!»

«አሳረፉኝ። አሁን ውሃ ልቅዳ ብዬ ስነሳ እንኳ ‹አባባ ቁጭ ይበሉ› ነው። ሰፈርተኛውም ባዶ ዘንቢል ይቀማኛል። አክብረውኝ ነው፣ ምን ልበል?»

«የሐኪሟን ነገር ለልጆችዎ አልነገሯቸውም?»

«ነገርኳቸው። ትልቁ ‹ስንት ኪሎ ነው የሚሸከሙት? እኔ ልሸከምልዎ› አለኝ።»

ልጅቷ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

«ትከሻዬን ስዳብሰው አጥንት ብቻ ነው። ያ የጤፍ ጆንያ አንድ ቀን ብቻ በተጫነብኝ እላለሁ።»

«ወራጅ!» አሉና ፌስታላቸውን አቅፈው ተነሱ።

ፌስታሉን ልቀበላቸው የዘረጋሁትን እጄን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።